የመና ሕግና የጋራ ትራንስፎርመር

አንድ ሰው ከጋራ ምንጭ የሚወስደው ነገር የራሱ ድርሻ መሆኑ አብቅቶ የጎረቤቱ ጉድለት መሆን የሚጀምረው የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ በሃይማኖት መምህራንም ሆነ በፍልስፍና ሊቃውንት ዘንድ ሲመረመር የኖረው በእህል፣ በውሃና በመሬት እየተመሰለ ነው። በዚህ ዘመን ይኸው ጥያቄ ከመኖሪያ ቤት ተነጥሎ በግቢ ጥግ በሚሠራው የመኪና ማደሪያ በኩል እንደ አዲስ ይመጣል። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አዲስ መኪና መግዛት ከሞላ ጎደል የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ስለሆነ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው መኪና ነገ ከላስታ ደጋዎች በስተደቡብ፣ በደላንታ አምባ ላይ በምትገኘው በወገል ጤናም ማደሩ አይቀርም። ያን ጊዜ የመኪናው ባለቤት ከቤቱ ቆጣሪ ተነሥቶ እስከ ማደሪያው የሚደርስ ገመድ መዘርጋት ይኖርበታል፤ ገመዱ በገዛ ገንዘቡ የተገዛ፣ ግቢው የገዛ ይዞታው፣ ቆጣሪውም በስሙ የተመዘገበ ስለሆነ ሥራው ከእርሱና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው በቀር ማንንም የማይመለከት ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ጉዳዩን ለመመርመር አስቀድሞ ሁለት መለኪያዎችን መለየት ያስፈልጋል። ኪሎዋት በአንድ ቅጽበት በገመድ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል የሚለካበት ሲሆን፣ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ ያ ኃይል በቆየበት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው፣ ቆጣሪ የሚቆጥረውና ሒሳብ የሚጠየቅበት ድምር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋገርበት 3 ወይም 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ነገር ግን የሚሠራው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት፣ ያውም በሳምንት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 32 አምፔር የቤት ቻርጀር ወደ 7 ኪሎዋት ስለሚስብ ሁለት ምጣድ ሳያቋርጡ እንደ መጋገር ይቆጠራል፤ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪም ከባዶ ተነሥቶ እስኪሞላ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በደላንታ መልክዓ ምድሩም የራሱን ይጨምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያቋረጡት የበሽሎ ሸለቆ ከአምባው ጫፍ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ሲሆን፣ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ፣ የጎማና የነፋስ ሰበቃው ሳይታሰብ፣ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ማለትም የዚያን ባትሪ አንድ አሥረኛ ይፈልጋል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከዚህ ከፊሉን ወደ ባትሪው መመለሱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሽቅቡን ጨርሶ ወገል ጤና የገባ መኪና ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው መሞላት ነው።

የገመዱ አመራረጥም ከሥነ ምግባር ውጭ አይደለም። ከቆጣሪው እስከ ማደሪያው ያለው ርቀት 25 ሜትር ቢሆንና ለሶኬት የተለመደው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ቢዘረጋ፣ 32 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 12 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ወደ 380 ዋት የሚጠጋ ኃይልም መኪናው ዘንድ ሳይደርስ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ገመዱ ከአቅሙ በላይ ስለተሸከመ ሽፋኑ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል። ገመዱ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ግን በመንገድ የሚቀረው ከ5 ቮልት አይበልጥም። በቧንቧ ውስጥ ሆኖ ከመሬት በታች መቀበሩ፣ የራሱ ብሬከር ማለትም ጭነት ከመጠን ሲያልፍ መስመሩን የሚያቋርጥ መሣሪያ የሚገጠምለት መሆኑ፣ በማደሪያው አጠገብም የኧርዝ ብረት መተከሉ፣ ይኸውም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ በሰው ገላ ሳይሆን በዚያ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ ማድረጉ፣ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ማታ መኪናውን የሚነካውን ልጁንም ሆነ ዘበኛውን የሚመለከት ግዴታ ነው። በገመድ ዋጋ የሚሰስት ባለመኪና ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ በየሌሊቱ የጋራውን ኃይል አፈር እያሞቀበት ነው። ይህ ግን ከጥያቄው ትንሹ ክፍል ነው።

ትልቁ ክፍል ያለው ከቆጣሪው ወዲያ ነው። ትራንስፎርመር የሚባለው 15 ወይም 33 ኪሎቮልት ሆኖ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ቤት ወደሚገባበት መጠን ዝቅ የሚያደርግ፣ ብዙ ጊዜ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሚታይ መሣሪያ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ሊሸከመው የሚችለው ጭነት የተወሰነ ነው። ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር (ከኪሎዋት ጋር የሚቀራረብ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) የሆነ ትራንስፎርመር፣ አንድን ሰፈር የሚያገለግል ሆኖ ሳለ፣ ስድስት መኪኖች በአንድ ጊዜ ቢሰኩበት 42 ኪሎዋት ያህሉን እነርሱ ይወስዱታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መብራቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ምድጃውና ምጣዱ በየቤቱ ስለሚሠሩ፣ አንድ ቻርጀር እንኳ በዚያ ላይ ሲጨመር በመስመሩ ጫፍ ያሉት ቤቶች አምፖል ይፈዛል፤ ሲብስም ፊውዙ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩ ራሱ ተቃጥሎ ሰፈሩ ተተኪ እስኪመጣ በጨለማ ይቀመጣል። አምፖሏ የፈዘዘባት እናት መኪናውንም ቻርጀሩንም አይታቸው አታውቅ ይሆናል፤ ከባለመኪናው ጋር የሚያገናኛት ያ በምሰሶ ላይ የተሰቀለ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ይህም በደሉን ከሌላው የጎረቤት በደል ሁሉ ይልቅ ለማየትም ለመክሰስም አስቸጋሪ ያደርገዋል።

በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ አብሮ የሚኖር በመሆኑ የሁለቱንም ትምህርት ጎን ለጎን ማየት ተገቢ ነው። በእስልምና ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፈ አንድ ሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩን ንግግርና ተግባር የሚዘግብ ትውፊት፣ ሰዎች ሁሉ የሚጋሯቸው ነገሮች ውሃ፣ ግጦሽና እሳት መሆናቸውን ያስተምራል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ እሳትን ከሁለት ከፍለው ያዩታል፤ በሌላ ሰው እሳት መሞቅና ከነበልባሉ መብራት መለኮስ ማንም የማይከለከለው ሲሆን፣ ፍሙን ማፈስ ግን የባለቤቱን እንጨት መውሰድ ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን ምድጃዋ የጠፋባት ሴት ከጎረቤት ሄዳ እሳት ትጭር እንደነበር የደጋው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሳት የከለከለ ጎረቤትም የሚነቀፈው ሰጥቶት የማይጎድልበትን ስለነፈገ ነበር። ትራንስፎርመሩ ባልተጨናነቀበት ሰዓት ኤሌክትሪክ የነበልባሉን ጠባይ ይይዛል፤ አንዱ መውሰዱ ሌላውን አያጎድልም። በተጨናነቀበት ሰዓት ግን እያንዳንዱ ኪሎዋት ከሌላው ምድጃ የተነሣ ፍም ስለሚሆን የሚሠራው የፍሙ ሕግ ነው።

በወንጌል ደግሞ ከዚህ ጋር የሚቃረን የሚመስል ምሳሌ አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተጻፉት አምስቱ ልባሞች ቆነጃጅት፣ ዘይት ያለቀባቸው ጓደኞቻቸው ሲለምኗቸው ለሁሉም እንዳያንስ ፈርተው ከልክለዋቸዋል፤ ሙሽራውም በዚህ አልነቀፋቸውም። ይህን ቃል በቃል ወደ ኤሌክትሪክ የሚያመጣ ባለመኪና፣ አስቀድሞ ላሰበና ለተዘጋጀ ሰው የሌላው መፍዘዝ እንደማያገባው ሊከራከርበት ይችላል። ነገር ግን ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን የተረጎመው ለድሆች በሚደረግ ምሕረትና ምጽዋት ነው፤ ቆነጃጅቱ ያልሰጡትም ምግባር ከአንዱ ነፍስ ወደ ሌላው ነፍስ የሚቀዳ ነገር ስላልሆነ ነው። ዘይቱ ራሱ መስጠት ከሆነ ምሳሌውን ለመንፈግ መጥቀስ ፈጽሞ መገልበጥ ይሆናል።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው የመና ሕግ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 እንደተተረከው እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ በየማለዳው ከሰማይ የወረደላቸውን መና ለነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር፣ ይኸውም በዘመኑ የእህል መስፈሪያ የነበረ ዕቃ፣ እየሰፈሩ እንዲለቅሙ ታዝዘው ነበር፤ ሲሰፈርም አብዝቶ ለለቀመው ትርፍ፣ አሳንሶ ለለቀመው ጉድለት አልነበረም። ለነገ ብሎ ያሳደረው ሰው መናው ተልቶና ሸትቶ አገኘው። በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲለቅሙ ታዘዙ፤ ለሰንበት ያሳደሩትም አልሸተተም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ምእመናን መዋጮ ሲያሰባስብ በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ይህንኑ ታሪክ ለእኩልነት ማስረጃ አድርጎ ስለጠቀሰው፣ ብዙ ሰባክያን ከመናው ሕግ የሚያስታውሱት መጠኑን ብቻ ነው። ሆኖም ሕጉ ከመጠን ይልቅ ጊዜን የሚመለከት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ማሳደር የሚባለው አንዱና ያው ድርጊት በሌላው ቀን አለመታዘዝ ሲሆን በሰንበት ዋዜማ መታዘዝ ነው፤ እጅ አልተለወጠም፣ ዕቃው አልተለወጠም፣ መናውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀኑ ነው።

የትራንስፎርመር አቅምም እንዲሁ በየሰዓቱ የሚወርድ፣ በየሰዓቱም የሚያልፍ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ማንም ሳይጠቀምበት የቀረ 30 ኪሎዋት አቅም ተቀምጦ ለነገ ምሽት 1 ሰዓት ሊውል አይችልም። ስለዚህ በእኩለ ሌሊት ሙሉ 50 ኪሎዋት ሰዓት የወሰደ ሰው ከጎረቤቱ ምንም ላይወስድ ይችላል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የወሰደ ሰው ግን ጎረቤቱን አጨልሞ ሊሆን ይችላል። ጆን ሎክ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1689 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመንግሥት ድርሳን ከጋራ ሀብት ወስዶ የግል ለማድረግ ሁለት ድንበሮችን አስቀምጧል፤ አንደኛው ለሌሎች በቂና መልካም የሆነ መትረፉ፣ ሁለተኛው የተወሰደው ነገር ሳይበላሽ ጥቅም ላይ መዋሉ ነው። በሌሊት የሚሞላ መኪና ሁለቱንም ድንበሮች ያከብራል፤ እንዲያውም አለዚያ ባክኖ የሚቀረውን ሰዓት ጥቅም ላይ ያውለዋል። በምሽት የሚሞላው የመጀመሪያውን ድንበር ያፈርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በሐይቁ ስለሚይዝ፣ ሌሊት ያልተነካው ውሃ ለነገ ይቆያልና ኤሌክትሪክን በመና መመሰል አይገባም የሚል ነው። ተቃውሞው ስለ ውሃው እውነት ነው፤ ስለ ምሰሶው ግን አይደለም። በአንዲት የደጋ ከተማ ጥበቱ ያለው ግድቡ ላይ ሳይሆን በግድቡና በቤቱ መካከል ባለው የመጨረሻው መሣሪያ ላይ ስለሆነ፣ ግድቡ ባለበት በጉባ የተጠራቀመው ውሃ የቱንም ያህል ቢበዛ የወገል ጤናን የምሽት አንድ ሰዓት ሊያሰፋው አይችልም።

ባትሪ ሲገባበት ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምክንያቱም ባትሪ የማያድረውን ነገር እንዲያድር፣ ስለዚህም የሚሰጥና የሚነፈግ ንብረት እንዲሆን ያደርገዋል። በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚቀደስለት ባስልዮስ ዘቂሳርያ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስላለው ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስለወጠነው ባለጸጋ ሲሰብክ፣ በችግር ጊዜ ተዘግቶ የተቀመጠ ትርፍ የባለቤቱ ሳይሆን የተቸገረው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል። ይህ ትምህርት በዚህ አገር ሩቅ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ላሊበላና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከባትሪያቸው መልሰው 220 ቮልት መስጠት ስለሚችሉ፣ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሞላ ባትሪ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ያህል እንደሚያገለግል ማስላት ከባድ አይደለም፤ 10 ዋት የሚስብ አምፖል በሌሊት አምስት ሰዓት ቢበራ 50 ዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃልና፣ ያ ባትሪ ለመቶ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አምፖል እስከ አሥር ሌሊት ድረስ ሊያበራ ይችላል። የጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣም በዚሁ ይሠራል። መብራት በጠፋበት ከተማ መኪናውን ሞልቶ በሩን የሚቆልፍ ሰው በባስልዮስ ሚዛን ከባለ ጎተራው አይለይም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መስመር ያላቸውን ቤቶች የሚመለከት ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ግን ገና ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለግድቡ ቦንድ የገዛው፣ መዋጮም ያዋጣው አርሶ አደር ሁሉ በቤቱ አምፖል አለው ማለት አይቻልም። በወገል ጤና አካባቢ ገደላገደሎች ውስጥ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ፣ ከእርሻ በታች ያለው ሀብት የመንግሥትና የሕዝቦች መሆኑን የሚደነግገው ሕገ መንግሥት ለደላንታ ሰው በወረቀት ላይ ያለ ነገር ብቻ አይደለም፤ ወንዝም የዚያው ድንጋጌ አካል ነው። ታዲያ የጋራው ወንዝ ያመነጨው ኃይል መጀመሪያ ለመኪና፣ ኋላ ለኩራዝ ቤት መድረሱ ፍትሕ ነውን? የሰዓት ሕግ ይህን ጥያቄ አይመልሰውም፤ በሌሊት መሙላት በመስመር ጫፍ ያለውን ጎረቤት ያድነዋል እንጂ መስመር የሌለውን አይጠቅመውም። ባለመኪናው መሙላቱን ቢተውም ኃይሉ ምሰሶ ወደሌለበት ቀበሌ አይሄድም። ለዚህ ዕዳ ተጠያቂው ግለሰቡ ሳይሆን ምሰሶ የሚተክለው አካል ነው፤ ግለሰቡ የሚጠየቀው በተጠቀመው ልክ ሙሉ ዋጋውን ስለመክፈሉ ብቻ ነው።

ስለ ዋጋው አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያለ የሚሄድበት ሥርዓት ሲሆን፣ ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ የተደረገ ድጎማ ነው፤ ይህም ማለት አንድ ጊዜ የተሞላ መኪና ለአንድ ድሃ ቤተሰብ የወር መብራት የተወሰነውን ያህል ይወስዳል። በብዙ ከተሞች ደግሞ ቆጣሪ የሌላቸው ተከራዮችና ጎረቤቶች ከአንድ ቆጣሪ ላይ መስመር ስበው ሒሳብ ይጋራሉ። መኪናው በዚያው ቆጣሪ ሲሞላ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚወጣ፣ አንድ አምፖል ብቻ የምታበራ ተከራይ የባለመኪናውን ዋጋ ትከፍላለች። ይህ ግልጽ በደል ነው፤ መድኃኒቱም ለመኪናው ማደሪያ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ወይም የተከራዮቹን ሒሳብ በዝቅተኛው እርከን ማሰብ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት በጭስ፣ በጥላሸት፣ በሽታ፣ በድምፅና በንዝረት ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል፤ የአምፖል መፍዘዝ ግን በስም አልተጠቀሰም። ለዚህ ክፍተት የሚበጅ አሠራር ግን ከሩቅ አገር መምጣት አያስፈልገውም። በአማራ አካባቢዎች በባህላዊ መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ አባት የሚባል ሰው ይመርጣሉ፤ እርሱም ለየማሳው ተራ ይሰጣል፣ የሌሊት ተራ የደረሰው በሌሊት እንዲያጠጣ፣ ከተራው ውጭ ቦዩን የከፈተውም እንዲቀጣ ያደርጋል። የውሃ አባት የሚያስተዳድረው ውሃውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ነው፤ በአንድ ትራንስፎርመር የሚገለገሉ ባለመኪናዎችም በእድራቸው ወይም በቀበሌያቸው ይህንኑ ቢያደርጉ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሌሊቱን ሊከፋፈሉት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትም የቤት ታሪፉን በመጠን ብቻ ሳይሆን በሰዓትም ቢለየው፣ ማለትም የሌሊቱን አርክሶ የምሽቱን ቢያስወድደው፣ ሕሊናን ብቻ ሲጠብቅ የኖረውን ነገር ሒሳብም ያግዘዋል። ይህ እስኪሆን ድረስ ገመዱን ለሚዘረጋው ሰው የሚቀረው ሁለት ነገር ነው፤ ከመዘርጋቱ በፊት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ስንት ኪሎ ቮልት አምፔር እንደሆነና ስንት ቤት እንደተሸከመ ከአገልግሎቱ ጣቢያ ጠይቆ መረዳት፣ ከዘረጋ በኋላም በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ያለውን የመሙያ ሰዓት መወሰኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርጎ መሙላት።